የሰው ፒራሚድ በትምህርት ቤት ሜዳ፦ የትርዒትና የውድድር ደኅንነት ደንቦች ለጤና ባለሙያዎች

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች የወላጆች በዓል ሲከበር ወይም የክፍሎች የስፖርት ውድድር ሲጠናቀቅ፣ ከእግር ኳሱና ከገመድ ጉተታው ይልቅ ተመልካቹን የሚስበው የጅምናስቲክ ትርዒቱ ነው። አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ተማሪዎች በሙዚቃ ታጅበው ይገባሉ፤ ይገለባበጣሉ፤ በመጨረሻም አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እየወጣ ፒራሚድ ይሠራሉ። ከጫፉ ላይ የሚቆመው ዘወትር ከሁሉም ቀላሉና ትንሹ ልጅ ነው። እጁን ሲዘረጋ ሜዳው በጭብጨባና በእልልታ ይናጋል። በሜዳው ዳር ደግሞ ከጤና ጣቢያ የተላከ አንድ ነርስ፣ ጤና መኮንን ወይም ሐኪም ጥጥ፣ ፋሻ፣ አዮዲንና የሕመም ማስታገሻ የያዘ ቦርሳ ይዞ በወንበር ተቀምጧል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በዚያ ወንበር ላይ ለሚቀመጠው ባልደረባ ነው። ልጁ ከወደቀ በኋላ ቦርሳው የሚያደርገው ጥቂት ነው። ባለሙያው ግን ትርዒቱ ከመጀመሩ በፊት፣ በተለይም ልምምዱ ገና ሲጀመር፣ ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነው።

ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት መሆኑን አልሸሽግም። ተመርቄ ሥራ በጀመርሁበት ሰሞን በአንዲት አነስተኛ ከተማ በተደረገ የትምህርት ቤት በዓል ላይ በወንበሩ የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ። አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ከፒራሚዱ ሦስተኛ እርከን ወድቃ በተዘረጋ እጇ መሬቱን መታች። ክርኗ ማበጥ ጀምሮ ስለ ነበር ስብራት መሆኑን ጠርጥሬ «ሆስፒታል ሄዳችሁ ራጅ አንሡ» አልሁ። የእጅ አንጓዋን የደም ምት አልዳሰስሁም፤ እጇን ደግፌ አላሰርሁም፤ የሪፈር ወረቀትም አልጻፍሁም። ቤተሰቦቿ በዚያው ምሽት ወደ ወጌሻ ወሰዷት። በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ስትመጣ ክንዷ በቀርቀሃ ስንጥር ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ጣቶቿ ቀዝቅዘውና ደንዝዘው ነበር። እጇ አልተቆረጠም፤ ጣቶቿ ግን እንደ ተኮማተሩ ቀሩ። ዛሬ ጉዳዩን መለስ ብዬ ሳስበው ከወጌሻው በፊት የሚጠየቀው በወንበሩ ላይ የነበረው ሰው ነው። ከእርሱም በፊት፣ ሦስተኛው እርከን ለምን ተሠራ የሚለው ጥያቄ አለ።

ትርዒቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን በአብዮት በዓላት ላይ ሰፋፊ የሕብረት ስፖርት ትርዒቶች ይቀርቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሰርከስ ኢትዮጵያም የሰው ፒራሚድንና አክሮባትን ለብዙ ልጆች አስተዋውቋል፤ በጅማ፣ በናዝሬትና በመቀሌም የሰርከስ ቡድኖች ተከትለዋል። የሰርከስ ልጆች ግን በአሠልጣኝ እጅ፣ በምንጣፍ ላይ፣ ለወራትና ለዓመታት ይለማመዳሉ። ትምህርት ቤቶቻችን የወሰዱት ትርዒቱን እንጂ ልምምዱን አይደለም። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልጆች ይመርጣል፤ ክፍል ከክፍል ስለሚወዳደርም አንዱ ሦስት እርከን ሲሠራ ሌላው አራት ይሞክራል። ይህን የሚገድብ ደንብ በእጁ ያለው መምህር እስካሁን አልገጠመኝም።

በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ ጎልቶ የተነሣው ቺርሊዲንግ በሚባለው የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ትርዒት ነው። መነሻው የስፖርት ቡድንን በጩኸትና በጭፈራ ማበረታታት ነበር። ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ልጆችን ወደ ላይ መወርወር፣ ፒራሚድ መሥራትና መገለባበጥ ተጨመሩበትና ራሱን የቻለ ውድድር ሆነ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም የዘርፉን ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 በጊዜያዊነት፣ በ2021 ደግሞ በሙሉ ዕውቅና ተቀብሎታል። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው የጉዳቱ ባሕርይ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መግለጫ እንደ ተጠቀሰው፣ በአጠቃላይ የጉዳት ቁጥር ቺርሊዲንግ ከብዙዎቹ የሴት ተማሪዎች ስፖርቶች ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በተሰበሰበው መዝገብ በሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች ላይ ከደረሱት እጅግ ከባድ የስፖርት ጉዳቶች፣ ማለትም ሞት፣ የአንጎል ወይም የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ካስከተሉት ውስጥ፣ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት የደረሱት በዚህ ትርዒት ነው። ጉዳት አልፎ አልፎ ይደርሳል፤ ሲደርስ ግን ዕድሜ ልክ የሚያሽመደምድ ሊሆን ይችላል። «እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም» የሚለው የመምህራን መልስ ሐሰት ባይሆንም ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

የወጡት ደንቦች በአብዛኛው ቁመትን፣ መሬትንና ጠባቂን የሚመለከቱ ናቸው። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፒራሚድ ከሁለት ሰው ቁመት እንዳይበልጥ፣ በኮሌጆች ደግሞ ከሁለት ሰው ተኩል እንዳይበልጥ ተወስኗል። ልጅን በብዙ እጅ ወደ ላይ የመወርወር ትርዒት በጠንካራ ወለል ላይ እንዳይደረግ ታግዷል። ከላይ ለሚቆም ልጅ ከተሸካሚዎቹ ሌላ ዓይኑን ከእርሱ የማይነቅል ጠባቂ ይመደባል። ጭንቅላቱን የተመታ ወይም የአንጎል መናወጥ የተጠረጠረበት ልጅ ወዲያው ከልምምድ ወጥቶ ያለ ጤና ባለሙያ የጽሑፍ ፈቃድ አይመለስም።

ከእኛ የወላጆች በዓል ጋር ይበልጥ የሚመሳሰለው ግን የጃፓን ትምህርት ቤቶች የስፖርት በዓል ነው። በዚያም ተማሪዎች ለወላጆቻቸው ፒራሚድ የመሥራት ልማድ ነበራቸው፤ ቁመቱም ከዓመት ዓመት እየጨመረ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2015 በኦሳካ አካባቢ በምትገኘው ያኦ ከተማ አሥር እርከን ያለው ፒራሚድ ተንዶ ተማሪዎች ተጎዱ፤ ብርቱ ክርክርም ተነሣ። በተከታዩ ዓመት የአገሪቱ የስፖርት መሥሪያ ቤት ደኅንነቱ ካልተረጋገጠ ትርዒቱ እንዲቀር መመሪያ ሰጠ፤ የኦሳካ ከተማም በትምህርት ቤቶቿ ፒራሚድን ከለከለች። በስፔን ካታሎኒያ ደግሞ የሰው ግንብ መሥራት የብዙ ዘመን ባህል ነው። አንዲት ልጅ እ.ኤ.አ. በ2006 ወድቃ ከሞተች በኋላ ከጫፍ የሚወጡት ሕፃናት የራስ ቁር እንዲያደርጉ ተደርጓል። ከግንቡ ሥር ተጠጋግቶ የሚቆመው እጅግ ብዙ ሕዝብም ሸክሙን ከማገዝ ሌላ የሚወድቀውን ይቀበላል። ባህሉ ያለ አደጋ አይደለም፤ ሆኖም ከሥሩ ሰው አለ። በእኛ ሜዳ ከፒራሚዱ ሥር ያለው ባዶ መሬት ነው።

ለመምህራን ሳስረዳ ከደንብ ይልቅ ስሌት ሲያሳምናቸው አይቻለሁ። 150 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ልጆች በትከሻ ላይ ሲቆሙ፣ በሁለተኛው እርከን ያለው ልጅ ጭንቅላት ከመሬት 2.7 ሜትር ያህል፣ በሦስተኛው እርከን ያለው ደግሞ 4 ሜትር ገደማ ይርቃል። ከ4 ሜትር የሚወድቅ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በደብረ ማርቆስ አስፋልት የሚፈጥን ባጃጅ ልጅን ሲገጭ እንደ ማለት ነው። ማንም መምህር ልጁን ለባጃጅ አይሰጥም።

በጉልበትና በእጅ ተንበርክኮ የሚሠራው ፒራሚድ ቁመቱ አነስተኛ በመሆኑ ደኅና ይመስላል። እዚያ ግን የሚጎዳው ከታች ያለው ልጅ ነው። አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ሆነው በተደረደሩ ልጆች እያንዳንዱ ክብደቱን ከሥሩ ላሉት ሁለት ልጆች እኩል ያካፍላል ብንል፣ ከታች በመካከል ያሉት ሁለቱ እያንዳንዳቸው ከክብደታቸው እጥፍ በላይ ይሸከማሉ። ልጆቹ 40 ኪሎ ቢሆኑ 85 ኪሎ መሆኑ ነው፤ አንድ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጆንያ በሕፃን ጀርባ ላይ! ዳር ያሉት ግን 35 ኪሎ ብቻ ይሸከማሉ። መካከለኛው ልጅ ክንዱ ሲከዳው ሁሉም በእርሱ ላይ ይናዳል። በልምምድ ወራት የወገብ ሕመም፣ የእጅ አንጓና የትከሻ ሕመም ይዘው የሚመጡ ተማሪዎችን «ምን ስትሠሩ ነው?» ብሎ መጠየቅ ጠቃሚ ነው። በማደግ ላይ ያለ የአጥንት ጫፍና ደጋግሞ ወደ ኋላ የሚለመጥ ወገብ የሚጎዱት በበዓሉ ቀን ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው። በቺርሊዲንግም ቢሆን አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ማንም በማያየው ልምምድ ላይ ነው።

እንግዲህ ጤና ጣቢያው የበዓሉ የጥሪ ደብዳቤ ሲደርሰው «ባለሙያ እንልካለን» ብሎ ከመመለሱ በፊት ርእሰ መምህሩንና የስፖርት መምህሩን ቢያነጋግር መልካም ነው። እኔ የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቆሞ የሚሠራ ፒራሚድ ከሁለት እርከን፣ ተንበርክኮ የሚሠራ ከሦስት እርከን እንዳይበልጥ፤ ልጅን ወደ ላይ መወርወር ደግሞ ጨርሶ እንዲቀር። ሁለተኛ፣ ውድድር ከሆነ ዳኞች ለቁመት ነጥብ እንዳይሰጡ። ይህ ከሁሉ የበለጠ ይሠራል። ነጥብ ለመናበብ፣ ለምትና ለንጹሕ አወራረድ ከተሰጠ ልጆቹ ራሳቸው ቁመቱን ይተዉታል። ሦስተኛ፣ ከላይ ለሚቆም ለእያንዳንዱ ልጅ ከፊትም ከኋላም ከእርሱ የሚከብድ ጠባቂ እንዲመደብ። ጠባቂው እጁን አጣምሮ ቢቆም የለም ማለት ነው፤ የሚወድቀውን ልጅ ራስና ትከሻ ለመቀበል ከወዲሁ ይለማመድ።

መሬቱን በተመለከተ የደጋው ጎጃም የራሱ ጠባይ አለው። ጥቁሩ ዋልካ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ በሰኔ ዝናብ ደግሞ ያንሸራትታል። የትምህርት ዓመቱ መዝጊያ በዓል የሚውለው እንግዲህ በሁለተኛው ጊዜ ነው። ጠዋት ዝናብ ከጣለ ፒራሚዱ ይቅር፤ በክፍል ውስጥ በሲሚንቶ ወለል ላይ ይሠራ ማለት ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ሣር ያለበት ቦታ ይመረጥ፤ ጠጠሩ ይለቀም። ስስ ፍራሽ ማንጠፍ ከምንም ይሻላል፤ ሆኖም ከከፍታ የወደቀን ጭንቅላት ስለማያድን መምህሩ «ፍራሽ አለን» ብሎ እርከን እንዲጨምር ሊያደፋፍረው አይገባም። ፍራሾቹ ከተለያዩ እግር በመካከላቸው ገብቶ ይጠማዘዛልና ይሰፉ። የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ በእርጥብ ትከሻ ላይ ያዳልጣል፤ በባዶ እግር መውጣት ይሻላል።

ደንብ አውጪዎች ጌጥ ሁሉ ይውለቅ ይላሉ፤ የእኛ ልጆች ግን ማተብ አላቸው። ልጅን ማተብህን ፍታ ማለት ተገቢም አይደለም፤ የሚቀበለንም የለም። በልብስ ሥር አግብቶ መስቀሉን በደረት ላይ በፕላስተር ማጣበቅ ይበቃል፤ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርትም ለሃይማኖታዊ ምልክቶች ተመሳሳይ አሠራር አለ። ጾምም ሊታሰብበት ይገባል። በዐቢይ ጾም እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልቀመሰ የ12 ዓመት ልጅ ከሰዓት በኋላ ተሸካሚ ሆኖ ቢቆም ጉልበቱ ሊከዳው ይችላል። ትርዒቱን ወደ ጠዋት ማምጣት ወይም ለዚያ ልጅ ሌላ ድርሻ መስጠት እንጂ ጾሙን ማስፈታት የእኛ ሥራ አይደለም። ትኩሳት ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ በቅርቡ ስብራት የነበረበት ልጅ ከላይም ከታችም አይቁም። ይህንን ለማወቅ በዋዜማው ልጆቹን ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በጓደኞቹ ፊት ሕመሙን የሚናገር የለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ልጅ ቢወድቅ የመጀመሪያው አደጋ የሕዝቡ ደግነት ነው። ወላጅ፣ መምህርና ጎረቤት ተሯሩጦ ልጁን በብብቱና በእግሩ ያነሣዋል፤ ውኃ ያፈስበታል፤ በባጃጅ ወንበር ላይ አጥፎ ይጭነዋል። የአንገት አከርካሪው የተሰበረ ልጅ ኅብለ ሰረሰሩ ሊቆረጥ የሚችለው በዚህ ቅጽበት ነው። ስለዚህ በድምፅ ማጉያው «ማንም አይንካው» የሚል አንድ ሰው አስቀድሞ ይመደብ። የትምህርት ቤቱ የቀይ መስቀል ክበብ አባላት ሰንሰለት ሠርተው ሕዝቡን እንዲመልሱ ማለማመድ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ባለሙያው በራስጌ በኩል ተንበርክኮ የልጁን ራስ ባለበት አቅጣጫ በሁለት እጁ ያረጋጋ። አንገትን ለማቅናት መሳብ የለበትም። የአየር ቧንቧው ከተዘጋ ራስን ወደ ኋላ ሳያጥፍ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ይግፋ። ልጁ ንቁ ከሆነ አንገትህን ያምሃል ወይ፣ እጅ እግርህ ይደነዝዛል ወይ ብሎ ይጠይቅ፤ አራቱንም እጅና እግር እንዲያንቀሳቅስ ያድርግ። ራሱን የሳተ፣ አንገቱ መካከል ላይ ሲነካ የሚያመው ወይም የድካምና የመደንዘዝ ምልክት ያለው ልጅ የአከርካሪ ጉዳት እንዳለበት ተቆጥሮ ይያዛል። ማንሣት ሲያስፈልግ ቢያንስ አራት ሰው፣ ራሱን በያዘው ሰው ቆጠራ፣ ግንድ እንደሚንከባለል በአንድነት ያገላብጡት። በገጠር የምናገኘው ቃሬዛ መካከሉ ስለሚሰረጉድ ጠፍጣፋ ሳንቃ ወይም የተነቀለ በር በላዩ ይደረግ፤ በራሱ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ጋቢ ይደገፍ። ሳንቃው ለማጓጓዣ ብቻ ነው፤ ሆስፒታል እንደ ደረሰ ይነሣ፤ አለዚያ የአልጋ ቁስል ያመጣል። የነርቭ ቀዶ ሕክምና ፍለጋ ከደብረ ማርቆስ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ባሕር ዳር ወይም 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አዲስ አበባ መሄድ የሚያስፈልገው ልጅ በመንገድ የሚያሳልፈውን ሰዓት ማሰብ፣ ሦስተኛውን እርከን ለመከልከል ድፍረት ይሰጣል።

ጭንቅላቱን ተመትቶ ተነሥቶ የቆመ ልጅ የበለጠ ያታልላል። ራሱን ባይስትም የአንጎል መናወጥ ሊኖርበት ይችላል። የተምታታ ንግግር፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆነውን አለማስታወስ ካለ በዚያ ቀን ወደ ትርዒቱ አይመለስም፤ «ደኅና ነኝ» ቢልም፣ መምህሩ ቢለምንም። ተደጋጋሚ ትውከት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ የማይነቃ እንቅልፍ፣ የዓይን ብሌኖች መበላለጥ፣ የአንድ ወገን ድካም ከታየ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይላክ። ቀድሞ እናዝዘው የነበረው በጨለማ ክፍል ለብዙ ቀናት መተኛት ዛሬ አይመከርም። ለአንድ ወይም ሁለት ቀን ቀለል ያለ ዕረፍት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ እግር ጉዞ፣ ወደ ትምህርት፣ በመጨረሻም በጤና ባለሙያ ፈቃድ ወደ ስፖርት ይመለሳል፤ በአንዱ ደረጃ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል።

ወደ ክርኑ ልመለስ። በተዘረጋ እጅ በወደቀ ልጅ ላይ የሚደርሰው፣ ሱፕራኮንዲላር የሚባለው ከክርን በላይ ያለ ስብራት የደም ሥርንና ነርቭን ሊቆርጥ ወይም ሊጫን ይችላል። የእጅ አንጓውን የደም ምት ዳስሱ፤ የጣቱን ጥፍር ተጭናችሁ ደሙ ሲመለስ እዩ፤ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ክብ እንዲሠራ ጠይቁት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ያህል ብቻ አጥፋችሁ ከአንድ ወገን በሚደገፍ ስፕሊንት እሰሩ፤ በዙሪያው የሚዘጋ ጀሶ አታድርጉ፤ ክርኑንም አጥብቃችሁ አትጠፉት። ጣቶቹን ሲዘረጉለት እጅግ የሚያመው፣ በማስታገሻም ሕመሙ የማይበርድለት ልጅ የጡንቻ ክፍሉ ውስጥ ግፊት ጨምሯልና በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። የደም ምት መቅረትን አትጠብቁ፤ የመጨረሻው ምልክት ነው። አጥንቱ ቆዳውን ሰንጥቆ ከታየ ንጹሕ ልብስ ሸፍናችሁ፣ የቴታነስ ክትባትና አንቲባዮቲክ አስጀምራችሁ ላኩ።

ወረቀቱንም ጻፉ። ወረቀት የያዘ ቤተሰብ ሆስፒታል የመሄድ ግዴታ እንዳለበት ይሰማዋል፤ በቃል የተነገረው ግን ማታ በምክር ይለወጣል። ወጌሻውን በተመለከተ በቤተሰቡ ፊት ማጥላላት የሚያመጣው በሽተኛውን ማሸሽ ነው። በአካባቢው የታወቁትን ወጌሾች ጤና ጣቢያ ጠርቶ ሦስት ነገር መስማማት ይቻላል፦ አንገትንና ጀርባን እንዳይነኩ፣ የልጅ ክርን እንዳያሹና እንዳያስሩ፣ ጣት የቀዘቀዘበትን ወይም የደነዘዘበትን ያለ መዘግየት እንዲልኩ። እኔ ያነጋገርኋቸው አንድ አረጋዊ ወጌሻ «ቀድሞ ቢነገረኝ ምን ገዶኝ» ነው ያሉኝ።

በመጨረሻ የሚቀረው መዝገቡ ነው። ከፒራሚድ የወደቀ ልጅ በመዝገባችን ላይ «ከከፍታ መውደቅ» ተብሎ ከዛፍ ከወደቀው እረኛ ጋር አብሮ ይጻፋል። ከአጠገቡ «በትምህርት ቤት ትርዒት» የሚል ቃል፣ የነበረበት እርከን፣ የመሬቱ ዓይነትና በልምምድ ወይም በበዓል መሆኑ ቢታከል፣ በሚቀጥለው ዓመት የጥሪው ደብዳቤ ሲመጣ ለርእሰ መምህሩ የምናሳየው ቁጥር ይኖረናል።